ተመልሰው የመጡት ሰባት ፍሬዎች

የምሠራው ደሴ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ላይ ቆሜ እውላለሁ። ሰኞ ሰኞ ወረፋው በሩን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። ገበያ ነዋ። ከየገጠሩ የመጣው ሰው ጨውንም፣ ሳሙናውንም፣ ላምባውንም፣ መድኃኒቱንም በዚያው ቀን ሸማምቶ ነው የሚመለሰው።

በእንዲህ ያለ ሰኞ ስላጠፋሁት ጥፋት ልጻፍ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ አሁንም ከልቤ አልወጣም።

አንዲት እናት መጡ። ሃምሳን ያለፉ ይመስለኛል። ማዘዣውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። አሞክሳሲሊን ባለ 500፣ 21 ፍሬ። አውጥቼ ሰጠኋቸውና ሁልጊዜ የምለውን አልኳቸው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለሰባት ቀን። ይቺን ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደምላት አላውቅም። አፌ ለምዷታል፤ እኔ ሳላስብ ራሷ ትወጣለች።

"ሦስት ጊዜ?" አሉኝ።

"አዎ እናቴ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።"

"ከምግብ በኋላ?"

"ከምግብ በኋላ።"

ዝም አሉ። ብሩን አንድ በአንድ ቆጥረው ከፈሉ። ይሄዳሉ ስል አልሄዱም። መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና "እህትዋ፣ ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ነው ያልሽኝ?" አሉ።

ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ስልክ ይጮሃል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "አልኩዎት እኮ! ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ!" አልኳቸው። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። "እሺ፣ እሺ" ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡና ወጡ። ጆሯቸው የከበደ መሰለኝ። እንዲያውም አልዋሽም፣ ለመረዳት የዘገዩ ናቸው ብዬ ነው ያሰብኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሰው መጡ። ያኔም መቀነታቸውን ፈቱ። የላስቲክ ቁራጭ አወጡ፣ ላስቲኩን ዘረጉት፣ ውስጡ ሰባት ካፕሱል አለ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"ተረፈኝ" አሉ። "ለሌላ የቸገረው ይሆናል ብዬ ነው። መጣሉ ሐራም ነው።"

"ለምን ተረፈዎት?" አልኳቸው። ልብ በሉ፣ እኒህን ሴት የሆነ ነገር ስጠይቃቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እኛ ቤት የሚበላው ሁለት ጊዜ ነው። አንቺ ደግሞ ከምግብ በኋላ አልሽኝ። ሦስተኛውን ከምን በኋላ ልዋጠው?"

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አሞክሳሲሊን የግድ ምግብ አይፈልግም። በባዶ ሆድም ይወሰዳል፣ ከምግብ ጋርም ይወሰዳል። ዋናው ሰዓቱ ነው፤ በየስምንት ሰዓቱ መድረስ አለበት። "ከምግብ በኋላ" የምንለው በአብዛኛው ሰው እንዳይረሳው፣ ሆድንም እንዳይረብሸው ነው። ማለትም ያቺ ቃል የተነገረችው ቁርስ፣ ምሳና እራት ላለው ሰው ነው። ለእኔ ዓይነቱ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለውን ተረት ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ እኔ መሆኑ ግን ገብቶኝ አያውቅም ነበር። እኒያ እናት እኮ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አቅርበውልኛል። የቤታቸውን ኑሮ በአንዲት ጥያቄ ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውልኛል። እኔ ግን የሰማሁት ቃሉን ብቻ ነበር።

ሳላቸው አልለቀቃቸውም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ወደ ሐኪሙም መልሼ ላክኋቸው። ሰባቱን ፍሬ ተቀበልኳቸው። የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ በዚያች ሰዓት ለመንገር አልደፈርኩም፤ ከሚወገዱት ጋር ለብቻ አስቀመጥኩት።

በጣም ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ጥሞና ጀምሬ ነበር። ማይንድፉልነስ የሚሉትን ማለቴ ነው። በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እከታተላለሁ። በእኒያ እናት ላይ በጮህኩበት ሰኞም ጠዋት ተቀምጬ ነበር፤ በጣም ተረጋግቼም ነበር የወጣሁት። ታዲያ ምን ጠቀመኝ? ይህ ጥያቄ ነው ለወራት ሲያስነብበኝ የከረመው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሕመማቸው በመድኃኒት ብቻ አልሻል ላላቸው ሰዎች ትምህርት ጀመረ። ሥሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ልማድ ነው፤ እሱ ሃይማኖቱን ትቶ ልምምዱን ወሰደው። አሁን ያለንበትን ቅጽበት ሳይፈርዱ ማስተዋል ነው ዋናው ነገር። ለወሎ ሰው ጸጥ ብሎ መቀመጥ አዲስ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ ሰው አርምሞ የሚለውን ቃል ያውቃል፤ የሼሆቹን ዚክር ያየም ልብ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንድ ነገር ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እነዚያ ወደ ፈጣሪ ናቸው።

ጥያቄዬን የመለሰልኝ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሪሶርስ የሚባል ጥናት ነው። ታንያ ዚንገር የምትባል ተመራማሪ ናት የመራችው። ላይፕዚግና በርሊን ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ግማሽ ያህሉ ለዘጠኝ ወር ሠልጥነዋል። ሥልጠናው ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሦስት ወር ይፈጃል። አንደኛው ትንፋሽንና ሰውነትን መከታተል ነው፣ እኔ ጠዋት ጠዋት የምሠራውን። ሌላው ርኅራኄን ማዳበር ነው። ሌላው ደግሞ የራስንም የሰውንም ሐሳብ ከውጭ ሆኖ መመልከት ነው። ሲለኩት ትንፋሽ መከታተሉ ትኩረትን አሻሻለ። ሌላው ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ የመረዳት ችሎታ ግን በዚያ አልተሻሻለም። የተሻሻለው ለዚሁ ተብሎ ከተዘጋጀው ክፍል በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ቀለለኝ፣ ደነገጥኩም። የተረጋጋ ሰው ሁሉ ሰው ይገባዋል ማለት አይደለም። ተረጋግቶም ሰውን አለማየት ይቻላል። እኔ ምስክር ነኝ።

ልምምዱ ራሱ ደስ ይላል። ሁለት ሰዎች በየቀኑ በስልክ ይገናኛሉ። አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ምንም ሳትል ታዳምጣለች፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ተናጋሪዋ በቅርቡ የገጠማትን ነገር ታነሳና በውስጧ ካሉት "ሰዎች" በአንዷ አፍ ትተርከዋለች። በእናትነቷ ሊሆን ይችላል፣ በፈሪዋ፣ በፈራጇ። አድማጯ ደግሞ "ይህን የምታወራው የትኛዋ ናት?" ብላ ትገምታለች። አጥኚዎቹ ያገኙት ነገር አስገርሞኛል፤ በውስጣቸው ያሉትን ደስ የማይሉ ወገኖች ይበልጥ ለይተው ያወቁት ሰዎች ናቸው የሌላውን ሐሳብ በመረዳት ይበልጥ የተሻሻሉት።

እኔና ታናሽ እህቴ ሞከርነው። እሷ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። በመሃላችን ያለው ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እኔ ጋቢ ደርቤ ስደውል እሷ "ኧረ ሙቀቱ ገደለን" ትለኛለች፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንኖርበትን አየር እንኳ ተስማምተንበት አናውቅም። የዚያን ሰኞ ታሪክ መጀመሪያ እንደተለመደው ነገርኳት። ከዚያ ደግሞ ወረፋውን በምትፈራዋ እኔ አፍ ነገርኳት። ያቺ ፈሪዋ ምን አለች መሰላችሁ፤ ባለቤቱ ከጓዳ ሆኖ እያየኝ ነው፣ ሕፃኑ እያለቀሰ ነው፣ ሰው ሊቆጣ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በይ። እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እኒያን ሴትዮ እኮ አንዴም አላነሳሻቸውም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከፊቴ ሰው ቆሞ ነበር፣ በታሪኬ ውስጥ ግን የለም። የነበረው ወረፋ ነው።

ከዚህ በፊት ይህን ነገር "ራስህን በሌላው ቦታ አስቀምጥ" በሚለው ምክር ብቻ ነበር የማውቀው። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ትልቅ ቀዳዳ አለበት። እኔ በሌላው ቦታ ስቀመጥ፣ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ። የእኔን ሦስት ምግብ፣ የእኔን ሰዓት፣ የእኔን ማንበብና መጻፍ ተሸክሜ ነው የሄድኩት።

ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ በልጆች ላይ የሠራውን ሙከራ እዚህ ላይ ማንሳት ደስ ይለኛል፤ ነገሩ የተራራ ስለሆነ እኛን ደሴዎችን ይመለከተናል። ጠረጴዛ ላይ የሦስት ተራራ ቅርጽ ይሠራል። አንዱ ጫፉ ላይ በረዶ አለው፣ አንዱ ጎጆ፣ አንዱ መስቀል። ልጁ በአንድ በኩል ይቀመጣል፣ አሻንጉሊት በሌላው በኩል። "አሻንጉሊቱ የሚያየው የትኛውን ነው?" ተብሎ ሥዕሎች ይሰጡታል። የአራት ዓመት ልጆች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው የሚያዩትን ሥዕል ያነሳሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ይስተካከላል። እኔ ጦሳን ከደሴ በኩል አይቼ ነው ያደግኩት። ጦሳ ማለት ያ ነው፤ ከከተማው በላይ የቆመው ግድግዳ። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ቀን በኩታበር በኩል ስመጣ "ጦሳ የቱ ነው?" ብዬ ሹፌሩን ጠየቅኩት። ከት ብሎ ሳቀ። "እያየሽው!" አለኝ። ያደግኩበትን ተራራ ከጀርባው አላወቅኩትም።

ለልጆቹ ግን ፍርድ እንዳይበዛባቸው። በኋላ ማርቲን ሂውዝ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ተራራውን ትቶ ነገሩን ድብብቆሽ አደረገው። ፖሊስ አሻንጉሊት አለ፣ የተደበቀ ልጅ አሻንጉሊት አለ፣ ግድግዳዎች አሉ፤ ፖሊሱ እንዳያየው ልጁን የት እንደብቀው? ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት አብዛኞቹ በትክክል መለሱ። ኩኩሉ ያልተጫወተ ማን አለ? "አልነጋም" እየተባለ ጥግ ስትፈልግ፣ ፈላጊው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚታየው ታሰላለህ። ነገሩ ትርጉም ሲሰጠው ሕፃን እንኳ በሌላው ዓይን ያያል። እንግዲህ ችሎታው አለን። የሚጎድለን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰኞ የእኒያን እናት ቤት ለማየት የሚጠይቀኝ ጉዳይ ያለ አልመሰለኝም፣ በቃ።

ሌላም ሙከራ ልጨምር፤ ቤት ውስጥ ሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሊዛቤት ኒውተን የምትባል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሠራችው ነው። አንዱ ሰው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን በልቡ እየዘፈነ ምቱን ብቻ በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል። ሌላው የቱ ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ "ከሁለት አንዱን ያውቁታል" ብለው ነበር የገመቱት። 120 ዘፈን ተመትቶ የታወቀው ሦስት ብቻ ነው። መቺው ዜማው በጭንቅላቱ ውስጥ እየጮኸ ስለሆነ ሌላው የሚሰማው ኳ ኳ ብቻ መሆኑን ማመን ያቅተዋል።

እኛ ቤት ቡና ላይ ሞከርነው። እማዬ የሠርግ ዘፈን በረከቦቱ ላይ መታች። እኛ ጭልጥ ብለን ጠፋን። እሷ ተናደደች። "እንዴት ይቺን አታውቁም? እያንዳንዳችሁን የዳርኩባት!" አለች። ከዚያ ደግማ መታችው፤ ይበልጥ ጠንከር አድርጋ። ያኔ ደነገጥኩ። እኔ ያደረግኩት ልክ ይህንን ነው። "ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ" ያልኩትን ሳይገባቸው ሲቀር የጨመርኩት ድምፅ ብቻ ነው።

መፍትሔው የበለጠ ማሰላሰል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፍልና ኒኮላስ ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ግን ሐሳቤን አስቀየረኝ። 25 ሙከራ ነው የሠሩት። ሰዎችን "በሌላው ቦታ ሆናችሁ አስቡ" ብለው፣ ያ ሌላው ሰው የሚያስበውን ወይም የሚወደውን እንዲገምቱ አደረጉ። ትዳር ያላቸውን ባልና ሚስት ጭምር። አስቡ መባሉ ግምታቸውን ይበልጥ ትክክል አላደረገውም። ትክክል ያደረገው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ሰውየውን መጠየቅ። ስንገምት ቆይተን በግምታችን እርግጠኛ እንሆናለን፤ ሰውየው ግን እዚያው አጠገባችን ቁጭ ብሏል።

ይህን ሳነብ እማዬና ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። ጎረቤታችንን እታበባ ነው የምንላቸው፣ ሙስሊም ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው። ቡናው አንድ ቀን በእኛ አንድ ቀን በእነሱ ነው፤ ቅሬያችንም (እድራችን ማለቴ ነው) አንድ ነው። ወሎ ውስጥ ትልቅ ድግስ ከሆነ ሥርዓቱ ይታወቃል። ሁለት ይታረዳል፣ የሙስሊሙን ሙስሊም ያርዳል፣ ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ ነው፣ ማንም ማንንም ሳይጠራጠር ይበላል። አንድ ጊዜ ግን ወንድሜ ሲመረቅ ቤት ውስጥ ትንሽ ዝግጅት ሆነ። አንዲት በግ ብቻ ናት። እማዬ ለእታበባ ብላ ሽሮውን በዘይት ለብቻው አሳምራ ሠራች፣ አትክልቱንም እንዲሁ። አዲስ ድስት ገዝታ ነው እኮ። ምንም እንዳይነካካባቸው። እታበባ መጡ፣ በሉ፣ መረቁ፣ ቶሎ ሄዱ። ከዚያ ሦስት ቀን ቡና አልጠሩንም።

እማዬ ተብከነከነች። "ድስቱን ተጠራጥረው ይሆን? ዘይቱን ይሆን? ሰው ሰድቧቸው ይሆን?" ስትል ከረመች። ግምት በግምት ላይ ደራረበች። በአራተኛው ቀን ተነስታ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። "እታበባ፣ ምን በደልኩዎት?" አለቻቸው፤ ከበሩ ሳታልፍ።

እታበባ መጀመሪያ ምንም የለም አሉ። ቆይተው ግን ተናገሩ። "ሽሮ አቀረብሽልኝ። ለእንግዳ እንደሚቀርበው። እኔ እንግዳ ነኝ? ብትነግሪኝ ዶሮዬን ልጄ አርዶልኝ፣ በራሴ ድስት ሠርቼ፣ ይዤ እመጣልሽ አልነበረም? ልጁን እኮ እኔም አዝዬዋለሁ።"

እማዬ አክብሬያለሁ ብላ ነበር። እታበባ የተሰማቸው መገፋት ነው። እማዬ ክፉ አላሰበችም፤ እንዲያውም አዲስ ድስት እስከመግዛት ድረስ በእታበባ ቦታ ሆና አስባለች። አስባ አስባ፣ የሳተችው እዚያው ላይ ነው። አንዲት ጥያቄ ነበር የጎደለው፤ "እታበባ፣ በጓ አንድ ናት፣ እንዴት እናድርግ?" የምትል። ያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ፣ ቡና ተፈላ፣ በረካው ድረስ ተጠጣ። ከዚያ ወዲህ ትንሽም ትልቅም ዝግጅት ሲኖር እማዬ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእታበባን በር ነው።

እንግዲህ ጥሞናው ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ለእኔ ሥራው ጠባብ ነው። ግን ወሳኝ ነው። በግምትና በንግግር መሃል ትንሽ ክፍተት ይከፍትልኛል። ባንኮኒ ላይ የሰው ጥያቄ ሲደጋገምብኝ መጀመሪያ የማስተውለው ሰውነቴን ነው፤ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ መንጋጋዬ ይጠብቃል። ይህ ምልክቴ ነው። አንድ ትንፋሽ እስከ ሆዴ እስባለሁ። ከዚያ በሆዴ "ምን እየገመትኩ ነው?" እላለሁ። አንድ መልስ ሁልጊዜ አለ፤ ጆሮዋ አይሰማም፣ ልጁ ሰክሯል፣ ሰውየው ንቆኛል። ግምቱን ለማባረር አልታገለውም። ግምት መሆኑን ብቻ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ደግሞ "ገባዎት?" አይደለም፤ ለዚያ ሁሉም ሰው "አዎ" ነው የሚለው፣ አፍሮ። "እቤት ሲደርሱ እንዴት አድርገው ነው የሚወስዱት? እስኪ ይንገሩኝ" ነው የምለው። ይህ ሁሉ ሲቆጠር ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ወረፋው አልረዘመም። እንዲያውም ደግሞ የሚመለስ ሰው ቀነሰ።

ሁልጊዜ ይሳካልኛል ማለት አይደለም። ባለፈው ወር በአንድ ወጣት ላይ ጮኼበታለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ይከብደኛል። ይህን "በሌላው ዓይን እይ" የሚለውን ነገር በተበደለ ሰው ላይ መጫን ግፍ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ቤቱ የተዘረፈ አለ፣ ልጁን የቀበረ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ "እስኪ በእነሱ ቦታ ሆነህ አስበው" የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። አፉን ብይዘው ደስ ባለኝ። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን አባጋሮች ያስታርቃሉ። ሽምግልና ተቀምጬ ባየሁበት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተበዳይን አያቻኩሉትም። ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ዝም ይላል፣ ሌላ ቀን ይቀጠራል፣ ደግሞ ይናገራል። ማንም መሃል ገብቶ "አንተም ብትሆን" አይለውም። በሌላው ዓይን የማየት ግዴታ መጀመሪያ አቅም ያለው ሰው ላይ ነው። ባንኮኒው ውስጥ በቆምኩት በእኔ ላይ እንጂ፣ ከባንኮኒው ወዲያ በቆሙት እናት ላይ አይደለም። እሳቸው የእኔን ወረፋ ተረድተው "እሺ፣ እሺ" ብለው ወጥተውልኛል። በዚያ ቀን የሌላውን ቦታ ያየ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ዋጋውንም በሳል ከፍለዋል።

ባለፈው ሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ምርኩዝ የያዙ። ያው አሞክሳሲሊን፣ ያው 21 ፍሬ። ትከሻዬን አወረድኩና "አባቴ፣ ይህ በየስምንት ሰዓቱ ነው፤ ሰዓት አለዎት?" አልኳቸው።

"ሰዓት የለኝም። አዛን አለኝ" አሉኝ።

ቁጭ ብለን አሰላነው። አንዱን ለሱብሂ ሲነሱ። አንዱን ዙሁር ላይ። የማታውን ከኢሻ በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ። ደስ አለኝ፣ እስክሪብቶ አንስቼ ፓኬቱ ላይ ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ። "የቀኑ እንዴት ይሆንልዎታል?" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። "ዙሁር እርሻ ላይ ነው የሚያገኘኝ። ቤት አልመለስም። ውሃ አለኝ፣ ለውዱእ የምይዘው። ኪኒኑ ግን እቤት ነው የሚሆነው።"

"ታዲያ እንዴት እናድርግ?"

ጥምጣማቸውን ፈቱ። ሦስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ባንኮኒው ላይ ተዘረጋ። ከወረፋው አንድ ጎረምሳ ጫፉን ያዘላቸው። አንዲት ካፕሱል ጫፉ ላይ አድርገው ቋጠሩና ቋጠሮውን በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ከታች ጀምረው ጠመጠሙት፤ ቋጠሮው ከውስጥ በግራ ጆሯቸው በኩል ዋለ።

"የዙሁሯ እዚህ ናት" አሉኝ፣ በእጃቸው ነካ እያደረጉ። "ጠዋት ጠዋት አንዳንድ እቋጥራለሁ።"

ፓኬቱ ላይ ጸሐይ፣ ማረሻና ጨረቃ ሳልኩላቸው።